ናፍቆትና ዘለዓለም

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ 24 ቀን፥ የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የልደት በዓል በተከበረ ጊዜ፥ እዚሁ በሰፈራችን በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ፥ አንዲት አሮጊት እናት ከቅጽሩ በስተውጭ ቆመው አየኋቸው። ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ ወደ ልደታ በኩል ይመለከታሉ። በዚያ በኩል የሚታየው ፎቅ ነው፤ ከፎቁም በላይ ሌላ ፎቅ ይታያል። ታክሲ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበረ፤ ነገር ግን አንዱ ታክሲ መጥቶ ሄደ፥ ሌላውም መጥቶ ሄደ፥ እርሳቸው ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ቀርቤ እጅ ነሣሁና፦ «እናቴ፥ የጠፋብዎ ነገር አለን?» አልኋቸው። «አዎን መሪጌታ፥ ቤቴ ጠፋብኝ» አሉኝ፤ ይህንንም ሲሉ ፈገግ አሉ።

ነገሩን ሲያጫውቱኝ እንዲህ ነው። ተወልደው ያደጉት፥ ተድረውም የወለዱት፥ በልደታ በኩል በነበረው በአሮጌው ሰፈር ነው። ያ ሰፈር በ2002 ዓ.ም. ገደማ ለመልሶ ማልማት ተብሎ 26 ሄክታር ያህል መሬት ሲነሣ አብሮ ተነሣ፤ እርሳቸውም በጀሞ ኮንዶሚኒየም በአራተኛው ፎቅ ላይ ቤት ደርሷቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከ15 ዓመት በላይ ሆነ። ሆኖም ወር በገባ በ24 ቀን ሁለት ታክሲ ለውጠው ወደ ተክለ ሃይማኖት ይመጣሉ፤ ባለቤታቸውም በዚሁ ቅጽር ውስጥ ዐርፈዋል። ቅዳሴው ሲያልቅ ወጥተው ጥቂት ጊዜ ወደ ልደታ ይመለከቱና ይሄዳሉ። «ምን ያያሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፦ «የሚታይ ነገርስ የለም፤ አቅጣጫውን ነው የማየው» አሉኝ።

እኔም ማስተማር ልማድ ሆኖብኝ ሳላስብ አፌን ከፈትሁ። የሎጥ ሚስት ወደ ኋላዋ በተመለከተች ጊዜ የጨው ሐውልት እንደ ሆነች፥ ክርስቲያን በዚህ ዓለም እንግዳና መጻተኛ እንደ ሆነ፥ አገራችን በሰማይ እንደ ሆነች፥ ስለ ፈረሰ ጭቃ ቤትም ልብን ማስጨነቅ እንደማይገባ ነገርኋቸው። ነገሬን እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ በኋላ፦ «መሪጌታ፥ እርስዎ የሚነግሩኝን አገር አላየሁትም፤ ያየሁት ይኸንን ነው። ያላየሁትን እንዴት አድርጌ እናፍቃለሁ?» አሉኝ፤ ታክሲም መጣላቸውና ተሰናብተውኝ ሄዱ።

የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። ዛሬ በዚህ ገጽ የምጽፈው ያን ጊዜ ልመልስላቸው ሲገባኝ ያልመለስሁትን ነው። የእርሳቸውም ጥያቄ የአንድ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከልደታ የተነሣው፥ ከሰንጋ ተራ የተነሣው፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳ የተነሣው፥ እንዲሁም በባሕር ማዶ ሆኖ የእናቱን ደጅ በስልክ መስተዋት የሚያየው ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው ነው። ሰፈር ለምን ይፈርሳል፥ ለምንስ ይሠራል የሚለውን ለሚያውቁት እተዋለሁ። የእኔ ነገር ስለ ልብ ነው።

እኛ የቅኔ ቤት ሰዎች ነገርን ከቃሉ ሥር መጀመር ልማዳችን ነውና አንባቢ ይታገሠን። ናፈቀ በአማርኛ የራቀውን ለማየት ተመኘ ማለት ነው። በግእዙ ግን ናፈቀ ማለት ተጠራጠረ፥ በአሳቡ ከሁለት ተከፈለ ማለት ነው፤ የእኩሌታ ስም የሆነው መንፈቅም ከዚሁ ሥር ይቈጠራል፤ የሃይማኖት መከፈል የሆነው ኑፋቄም እንዲሁ። እንግዲህ የሚናፍቅ ሰው መንፈቁ እዚህ፥ መንፈቁ እዚያ የሆነ ሰው ነው። ናፍቆትና ኑፋቄ ወንድማማች ቃላት መሆናቸውን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የአውሮፓ ሊቃውንት ለዚህ ነገር ስም ያወጡለት ዘግይተው ነው። በ1688 እንደ እነርሱ አቈጣጠር፥ ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የስዊስ አገር የሕክምና ተማሪ በባዝል ከተማ ባቀረበው ድርሳን፥ ከአገራቸው የራቁ ሰዎች የሚታመሙትን ሕመም ገለጠና ከሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ «ኖስታልጊያ» ብሎ ሰየመው። ኖስቶስ ወደ ቤት መመለስ፥ አልጎስ ሕመም ማለት ነው። ለሐኪሙ ነገሩ በሽታ ነበረ፤ ዋናው መድኃኒቱም በሽተኛውን ወደ አገሩ መመለስ ነበረ። ይህ መድኃኒት ለእኒያ እናት አይሆንም። እርሳቸው በየወሩ ይመለሳሉ፤ ሁለት ታክሲ ከፍለው ይደርሳሉ፤ የሚደርሱበት ግን የናፈቁት አይደለም። በቤታቸው ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በዚያው በልደታ በኩል ያልፋል፤ ወደ ሰንጋ ተራ ቢያዩ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው 209 ሜትር ከፍታ ያለው የንግድ ባንክ ሕንጻ ሰማዩን ይዞታል። ቤቱ ባይፈርስስ ኖሮ ይድኑ ነበርን? እኔ አይመስለኝም። በግቢው ውስጥ የምትሮጠው የዐሥር ዓመት ልጅ፥ ማለት ራሳቸው፥ ዛሬ በዚያ የለችም። የእናታቸው ድምፅ የለም። ቤት ቢቆም እንኳ ዘመን ይፈርሳል፤ ወደ ፈረሰ ዘመን የሚወስድ ታክሲም የለም።

ከዚያ ወር በኋላ እኒያን እናት ደጋግሜ አገኘኋቸውና ስለ አሮጌው ሰፈር ጠየቅኋቸው። እውነቱን ሳይደብቁ ነገሩኝ። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነበረ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ብር ኪራይ ይከፍሉ ነበረ እንጂ ካርታውን በስማቸው አይተውት አያውቁም፤ በገዛ ቤታቸው መጻተኞች ነበሩ ማለት ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው። መጸዳጃው ለብዙ አባወራ አንድ ነው። ውኃ በቦኖ ተሰልፈው ይቀዱ ነበረ። «ክረምት ሲገባ ቤቱ አያፈስም ነበረን?» አልኋቸው። ሣቁና፦ «እንዴት አያፈስ! ሦስት ሳፋ እንደረድር ነበረ። ልጆቹም የትኛው ሳፋ ቀድሞ ይሞላል እያሉ ይወራረዱ ነበረ። መሪጌታ፥ ያ የጠብታ ድምፅ እንኳ ይናፍቀኛል» አሉኝ።

በዚህ ላይ ብዙ ቀን አሰብሁ። ማንም የሚያፈስስ ጣራ አይናፍቅም። ጣራው በሚያፈስስበት ጊዜ፥ ያን ጊዜ፥ የኪዳነ ምሕረት ያለህ ይሉ ነበረ እንጂ አልወደዱትም። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ የግብፅን ዓሣና ዱባ፥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አስበው አለቀሱ፤ ጡቡንና የአስገባሪውን ጅራፍ ግን ረሱ። ስለዚህ ብዙ ሰው ትዝታ ይዋሻል ይላል። ጠቢቡም በመጽሐፈ መክብብ የቀደመው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ እንዳይደለ ይነግረናል። እኔም ለብዙ ዘመን ነገሩ በዚሁ ያለቀ ይመስለኝ ነበረ፤ ትዝታ ይዋሻል፥ ስለዚህ ወደ ኋላ አትመልከት።

አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ትዝታ የሚዋሽ ከሆነ፥ ስለ ምን በአንድ ወገን ብቻ ይዋሻል? ስለ ምን ነገሩ ከነበረው ይልቅ ያማረ፥ የተሟላ፥ ኀዘን የሌለበት አድርጎ ይሥለዋል? እኒያ እናት የሚናፍቁት ቤት ከቶ በምድር ላይ አልነበረም። በልደታ የነበረው የሚያፈስሰው ቤት ነው፤ በልባቸው ያለው የማያፈስሰው ነው። ያን ቤት ከየት አመጡት? ካልነበረ እንዴት ዐወቁት? እርሳቸው ያላየሁትን አልናፍቅም ቢሉም፥ የሚናፍቁት ያላዩትን ነው፤ ባዩት በኩል አድርገው።

ጠቢቡ በዚያው በመክብብ እግዚአብሔር ዘለዓለምን በሰው ልብ ውስጥ እንዳኖረ ይናገራል። በግእዝ ቋንቋችን ዓለም የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ይህ የምናየው ፍጥረት ነው፤ ሁለተኛው ፍጻሜ የሌለው ዘመን ነው፤ ለዓለም ስንል፥ ዘለዓለም ስንል የምንለው ይህንን ነው። አባቶቻችን ለሚያልፈውና ለማያልፈው አንድ ቃል ማደላቸው በቃል እጥረት አይመስለኝም። የቅኔ ተማሪ ይህን ቶሎ ያስተውላል፤ ሰሙ የሚያልፈው ዓለም ነው፥ ወርቁ የማያልፈው። ወርቅ ሠሪ ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይሠራዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በሰሙም ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። ወርቁ የያዘው መልክ ሰሙ የነበረውን መልክ ነው። ሰም ባይኖር ወርቁ መልክ አይኖረውም ነበረ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ምላሴን ልግታ። ሰም ሊቀልጥ ይገባዋል ብዬ የሰው ቤት በፈረሰ ጊዜ መልካም ሆነ እንዳልል እግዚአብሔር ይጠብቀኝ። ምሳሌ ሲበዛ የሰውን እንባ ያቃልላል፤ እኛ መምህራን በዚህ ብዙ ጊዜ እንበድላለን። ኢዮብን ያቈሰሉት ሦስቱ ወዳጆቹ አነጋገራቸው የተዋበ ነበረ፤ ለሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ የጠቀሙትን ያህል አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ አልጠቀሙትም።

መጽሐፍ ለናፋቂ የሰጠው ተግሣጽ ብቻ አይደለም። በዳዊት መዝሙር በ136ኛው፥ በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው ጽዮንን ያለቀሱትን ምርኮኞች ቤተ ክርስቲያን አልገሠጸቻቸውም፤ ልቅሶአቸውን ጸሎት አድርጋ በየዕለቱ ለሚደግም ሁሉ ሰጠችው። ከዚህም ይልቅ የሚገርመኝ በመጽሐፈ ዕዝራ በሦስተኛው ምዕራፍ ያለው ታሪክ ነው። ምርኮኞቹ ከባቢሎን ተመልሰው የሁለተኛው ቤተ መቅደስ መሠረት በተጣለ ጊዜ፥ ጎልማሶቹ በደስታ እልል አሉ፤ የመጀመሪያውን ቤት በዐይናቸው አይተው የነበሩት ሽማግሎች ግን በታላቅ ድምፅ አለቀሱ። ቤቱ ከፈረሰ ወደ 50 ዓመት ሆኖት ነበረና ያዩት በሕፃንነታቸው ወይም በወጣትነታቸው ነው። የልቅሶው ድምፅና የእልልታው ድምፅ ተቀላቅሎ ሕዝቡ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻለም፤ ከሩቅም የተሰማው አንድ ድምፅ ነው። መጽሐፉ ይህን ይጽፍና ዝም ይላል። ሽማግሎቹን ስለ ምን አለቀሳችሁ አላለም፤ ጎልማሶቹንም ስለ ምን እልል አላችሁ አላለም። እኔ በልደታ ባለፍሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይሰማኛል። በአዲሱ ፎቅ የተወለደው ሕፃን በደረጃው ላይ ይሣቃል፤ አያቱ ደግሞ ከጀሞ መጥታ አቅጣጫውን ታያለች። ሁለቱም እውነት ይዘዋል።

የሰፈራችን ጠባቂ አቡነ ተክለ ሃይማኖትስ ምን አደረጉ? ገድላቸው እንደሚተርከው በሸዋ በጽላልሽ ዞረሬ ተወለዱ፤ ካደጉም በኋላ ሀብታቸውን ለድኾች መጽውተው ቤታቸውን እንደ ተከፈተ ትተው ወጡ። በሩን አልዘጉትም። ይህን በሕፃንነቴ ስሰማ ሌባ ይገባል ብዬ እሠጋ ነበረ። ዛሬ ሳስበው፥ በሩን የሚዘጋ ሰው እመለሳለሁ የሚል ነው፤ ክፍት የሚተው ግን የፈለገ ይግባበት ያለ ነው። እንግዲህ የሰፈሩ ስም አባት የሆኑት ጻድቅ ቤታቸውን የተዉ ናቸው፤ ልጆቻቸው ደግሞ ቤት ፈረሰብን ብለን እናለቅሳለን። ይህን አስቤ አፍሬ ነበረ። ዳሩ ግን የጻድቁ ታሪክ በዚያ አያበቃም። በደብረ አስቦ፥ ኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው፥ ነሐሴ 24 ቀን ዐረፉ፤ ከ57 ዓመት በኋላም ዐፅማቸው ከነበረበት ተነሥቶ ፈለሰ፥ ቤተ ክርስቲያንም ያን ቀን ግንቦት 12 ብላ ታከብረዋለች። ቤቱን የተወውን ሰው ዐፅሙን ልጆቹ አልተዉትም። ዮሴፍም በግብፅ ሁሉ የተሟላለት ጌታ ሲሆን ሲሞት ዐፅሜን ይዛችሁ ውጡ ብሎ አስማላቸው፤ ሐዋርያውም ወደ ዕብራውያን በላከው መልእክት ይህን ከእምነት ሥራዎች መካከል ቈጠረለት። ዐፅም አይናገርም፥ አይናፍቅም፤ እምነት ግን ለዐፅም እንኳ ቦታ ትፈልግለታለች። ክርስትናችን ቦታን የሚንቅ ሃይማኖት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በዓል ባልተከበረም ነበረ። ኢየሩሳሌምን የናፈቁ አባቶቻችን በላሊበላ ዐለቱን ፈልፍለው 11 ቤተ መቅደስ ሲያንጹ፥ ውኃውን ዮርዳኖስ፥ ቤቱን ጎልጎታ ብለው ሰይመዋል።

አሁን ወደ እኒያ እናት ቃል ልመለስ። «የሚታይ ነገር የለም፤ አቅጣጫውን ነው የማየው» ብለውኝ ነበረ። ይህን ባሉኝ ጊዜ ያላስተዋልሁት ነገር አለ። ሁላችን ስንጸልይ ወደ ምሥራቅ ቆመን ነው፤ ሙታናችንንም ስንቀብር ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገን ነው። ታላቁ ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ የዚህን ሥርዓት ምክንያት ሲገልጥ፥ ወደ ምሥራቅ የምንመለከተው የቀደመች አገራችንን፥ በምሥራቅ የተተከለችውን ገነትን፥ ስለምንፈልግ እንደ ሆነ፥ ነገር ግን ይህን የሚያውቁ ጥቂቶች እንደ ሆኑ ይናገራል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በሙላዋ የምታደርገው እኒያ እናት በታክሲው መቆሚያ የሚያደርጉትን ነው። የሚታይ ነገር የለም፤ አቅጣጫውን ታያለች። እኔ ግን ይህን እያደረግሁ ከ40 ዓመት በላይ ቆሜ፥ ያደረጉትን ሰው ገሠጽሁ።

ሐዋርያው ዮሐንስ ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንዴት ይችላል ብሎ ይጠይቃል። የእኒያ እናት ጥያቄ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያየውን ሰፈር ያልናፈቀ፥ ጎረቤቱ ስትቀበር እንባው ያልመጣ፥ ስለማያየው አገር ሲያወራ አፉ ብቻ ነው የሚያወራው። በምድር ነገር ልቡ ያልተቀደደ ሰው ሰማይን የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም።

ይሁን እንጂ የዘለዓለም ተስፋ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። በዚህ ላይ ልጠንቀቅ እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው መንግሥተ ሰማያትን የልጅነቱ ሰፈር ዳግመኛ የሚሠራበት ቦታ አድርጎ ያስባልና። አዳም ከገነት በወጣ ጊዜ ኪሩቤል የነበልባል ሰይፍ ይዘው የሕይወትን ዛፍ መንገድ ጠበቁ፤ የኋላው መንገድ ተዘጋ። መጽሐፍ ቅዱስ በአትክልት ቦታ ይጀምራል፥ የሚፈጸመው ግን በከተማ ነው። ዮሐንስ በራእዩ ያያት አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ከተማ ናት፤ ቅጥር አላት፥ መሠረት አላት፥ አደባባይ አላት። የጠፋው የሕይወት ዛፍም የተገኘው በኋላ በቀረው አትክልት ሳይሆን በዚያች ከተማ ውስጥ ነው። ናፍቆት ዐይኑ ከኋላው ነው፤ የሚናፍቀው ነገር ግን ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ነው የሚናፍቅ ሰው ወደ ትዝታው ቦታ በደረሰ ጊዜ የማያገኘው። ደግሞም የኑሲሱ ጎርጎርዮስ የሙሴን ሕይወት በተረጐመበት መጽሐፉ፥ እግዚአብሔርን ያየ ነፍስ ከማየቱ የተነሣ እንደ ገና ይበልጥ እንደሚመኝ፥ ምኞቱም ወሰን እንደሌለው ያስተምራል። ምድራዊ ናፍቆት ሲያገኝ ያበቃል ወይም ይከስማል፤ ያ ግን ሲያገኝ ይጀምራል።

ስለ ኑፋቄ እመለሳለሁ ብዬ ነበረ። ናፍቆት መቼ ኑፋቄ ይሆናል? ሰውን ከፊቱ ካለው ሰው ሲከፍለው ነው። በአዲሱ ሕንጻ ዐሥር ዓመት ተቀምጦ በደረጃው ማዶ ያለውን ጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው አለ፤ ለምን ቢሉት «እንደ ድሮው ሰፈር ሰው የለም» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ለሞተው ሰፈር ሲል ሕያው የሆነውን ይገድላል። ይህን ሰው የማውቀው በመጽሐፍ አይደለም፤ ራሴ ነኝ። እኔ የምናፍቀው ሰፈር ሳይሆን የጎጃም ቅኔ ቤቴን ነው። ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ ይዤ፥ ከውሻ ጋር እየታገልሁ የለመንሁበትን መንደር፥ ሌሊት በሣር ጎጆ ሆነን ቅኔ የቈጠርንበትን ዘመን ሁልጊዜ አወራለሁ። ብርዱንና ረኃቡን ግን ረስቼዋለሁ፤ እከኩንም ጭምር። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የከተማ ልጅ፥ በቀን ሥራ ውሎ ማታ ግእዝ የሚማር፥ ከስልኩ ላይ የጻፈውን ጉባኤ ቃና አሳየኝ። ሁለት ቤት ናት። ከሁለተኛው ቤት ላይ ዜማው አንድ ቦታ ተሰብሯል፤ ምሥጢሯ ግን መልካም ነበረች። እኔ ምሥጢሯን ትቼ፦ «በእኛ ዘመን ቅኔ በስልክ አይጻፍም ነበረ፤ ዱር ገብተን ነበረ የምንቈጥረው» አልሁት። ልጁ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ፥ አመሰግናለሁ ብሎ ሄደ፥ ዳግመኛም አልመጣም። ያችን ጉባኤ ቃና ዛሬም አስታውሳታለሁ። የናፈቅሁት ቅኔ በደጄ መጥቶ ነበረ፤ በመናፈቅ ብዛት አባረርሁት።

እንግዲህ የሎጥ ሚስት ነገር እንዲህ ነው የሚገባኝ። የተቀጣችው ስላዘነች ሳይሆን ስለ ቆመች ነው። ልቅሶ የሚሄድን ሰው አያቆመውም፤ እስራኤል እያለቀሱ ሄደዋል፥ ዳዊትም ከአቤሴሎም ፊት ሲሸሽ ደብረ ዘይትን ባዶ እግሩን እያለቀሰ ወጥቷል። የቆመ ሰው ግን፥ እንባው እንኳ ጨው ሆኖ ይደርቃል።

ይህን ሁሉ ለእኒያ እናት ልነግራቸው አሰብሁና፥ ስለ ፊተኛው ተግሣጼም ይቅርታ ልጠይቃቸው፥ በግንቦት 12 ቀን ከቅዳሴ በኋላ በተለመደው ቦታ ጠበቅኋቸው። ዘግይተው መጡ። «ዛሬ ቶሎ ልመለስ ነው፥ ቡና ጥጄ ነው የመጣሁ» አሉኝ። ማን ይጠጣዋል ብዬ ብጠይቅ እንዲህ ብለው አጫወቱኝ። በአሮጌው ሰፈር በራቸው ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም ነበረ። በኮንዶሚኒየሙ ግን ሁሉም ይዘጋል፤ እርሳቸውም ለብዙ ዓመት እንደ ሰዉ ዘግተው ተቀመጡ። በዚህ በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ጭሱ እንዲወጣ ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ከማዶ ቤት የምትኖር አንዲት ወጣት ሴት ከሥራ ስትመለስ በሩ ተከፍቶ አየችና ደንግጣ ቆመች። በዚያ ሕንጻ በር የሚከፈተው ሰው የሞተ እንደ ሆነ ብቻ ነውና፥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፦ «እማማ፥ ማን ሞተብዎ?» አለቻቸው።

«እርስዎስ ምን አሏት?» አልኋቸው።

«ማንም አልሞተብኝ፥ ግቢ፥ ቡናው ሁለተኛው ነው አልኋት» አሉኝ፤ ታክሲውም ሲመጣ አይተው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ወደ ልደታ በኩል አንድ ጊዜ ተመለከቱና ገቡ።